ፊቴን ሸፍነው የወሰዱኝ ቀን

ዛሬ እንጅባራ ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም አለው። ከተማውን ቆሰበር ብቻ እያልን በምንጠራው ዘመን ግን የኛ መንደር ሰው ሕክምና የሚያገኘው ዳንግላ ክሊኒክ ነበር፤ እዚያም የሚሄደው ጠበሉም ስለቱም አልሆን ሲል ነው። እኔንም የመጀመሪያ ልጄን አምጬ አምጬ አልወለድ ሲለኝ በቃሬዛ አወጡኝ። አዋላጇ «ከዚህ በኋላ የኔ አቅም አይደለም፤ ልጁ ግን በሕይወት አለ፣ ፍጠኑ» አለች። ባሌ የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ልድረስበት ብሎ በፈረስ ቀደመ።

አማቴ ጋቢ አምጥታ እስከ ፊቴ ሸፈነችኝ። ቀኑ የገበያ ነው፣ መንገዱ ሰው ይበዛበታል፣ ዓይን ይበላታል አለች። ምጥ ይዞኝ ዓይን ደግሞ ምኔን ይበላል! ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ።

ባገራችን ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ወደ ቤቱ እየተመለሰም ቢሆን ዕቃውን አስቀምጦ፣ ዞሮ ትከሻውን ይሰጣል። አይሆንም ማለት ነውር ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ከዳንግላ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኙንና ቃሬዛውን ተቀበሉ። የኛዎቹ ደክሟቸው ነበርና ውሃ ሊጠጡ ቀሩ። አማቴ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ከኋላ ርቃ እያለቀሰች ትመጣለች። እንግዲህ ፊቱ የተሸፈነ ሰው፣ ከኋላው ለቅሶ፤ ሰዎቹ ምን ይበሉ? ማንንም አልጠየቁም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እነሱ ናቸው።

«ወደ ደብሩ ነው አይደል?» አለ አንዱ በአገውኛ።

«ወዴት ሊሆን ነው ታዲያ!»

«ልጅ እግር ሳትሆን አትቀርም፤ ቀላል ናት።»

«ነፍስ ይማር።»

ነፍስ ይማር! መፍራት ሲገባኝ ተናደድኩ። ሁለት ነፍስ ተሸክመው ቀላል ናት ይላሉ! አለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ስጮህ የሰነበተ ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ። መገንጠያው ላይ ቃሬዛው ወደ ደብሩ ዳገት ሲዞር ታወቀኝ። እዚያው ላይ ልጁ በእግሩ ጎኔን ገፋኝ። በርታ አልኩት በሆዴ።

ዳገቱ ረጅም ነው። ከደብሩ በር ደርሰው ሲያወርዱኝ ምጡ መጣና ጮህኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! አንዱ በስመ አብ ብሎ በእርሻው መሀል እግሬ አውጪኝ አለ፤ ዱላውን እንኳ አላነሳም። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ገለጡ።

«ልጄ፣ አለሽ እንዴ?»

«አለሁ አባቴ። ወደ ዳንግላ ነው፣ ወደ ክሊኒክ።»

«ወይኔ ጉዴ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ከዚያ ሮጡ። ሽማግሌው ጭራሽ ትከሻ አልለውጥም አሉ። ዋናው መንገድ ላይ አማቴና የኛዎቹ ጠፋችብን ብለው ሲጯጯሁ ደረስንባቸው። እኔ እንደገና ይገፋኝ እንደሆነ ብዬ መንገዱን ሙሉ ልጁን ጠበቅሁት። አልገፋኝም።

ድሬሰሩን ባሌ ይዞት ቆይቶን ነበር። ጎበዝ ሰው ነው፤ ላብ እያጠመቀው እኔን አተረፈኝ። የልጄን ለቅሶ ግን አልሰማሁም። «ወንድ ነበር» አለኝ ድሬሰሩ፤ «ያለፈው ቅርብ ነው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» ብሎ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ለካ ክሊኒኩ አጥር ሥር ነው ያደሩት። መግባት ፈርተው መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ እኛ መንገድ ባናስትሽ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

ትከሻቸው በቃሬዛው እንጨት ተልጦ ደም ቋጥሯል።

«የለም አባቴ» አልኳቸው። «እርስዎ ሳይደርሱልኝ፣ ገና ከቤት ሳልወጣ ነው ያለፈው።»

«እሱ ያጽናሽ» ብለው አማተቡና ከበሩ ላይ ተነሱ። መገንጠያው ላይ ልጁ እንደገፋኝ ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።