የጋቢዬ ጫፍ

ንጉሡ ደብረ ታቦር ሰፍረው በነበሩበት ዘመን እኔ በገሳይ በኩል ሸማኔ ነበርኩ። ቀን የሰው ፈትል ስሠራ እውላለሁ፤ ሲመሻሽ ለራሴ አንድ ጋቢ ጥቂት ጥቂት እሸምናለሁ። ጋቢው ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

ሲያልቅልኝ እሑድ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። በማግስቱ ሳነሣው ጫፉ መዳፍ በሚያህል ተቆርጧል። ለምን እንደተቆረጠ አላጣሁትም። እኛ አገር ሸማኔ ቡዳ ነው ይባላል። ሰው ሲታመም ከሸማኔው ልብስ ሰርቀው ይቆርጡና አቃጥለው በጭሱ በሽተኛውን ያጥኑታል።

ተናድጄ በየቤቱ ዞርኩ። «የታመመባችሁ ሰው አለ?» ስል እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይከልላሉ። ጎረቤቴ እማሆይ ብቻ ከደጃቸው ቆመው መለሱልኝ።

«እኛ ዘንድ ሁሉም ደኅና ነው። አንተስ ማን እንደታመመ ለማወቅ ምን አስቸኮለህ?»

አፍሬ ተመለስኩ።

ቤቴ ስገባ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተኝ። ሳምንቱን ሙሉ በትኩሳት የተኛችው ልጄ ላይ ሚስቴ የሚጨስ ገል ይዛ አጎንብሳለች።

«ማመንስ አላምንም» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ግን ያልሞከርኩት ምን ቀረ?»

ጋቢውን ከትከሻዬ አውርጄ «የቀረውም ይኸው» አልኳት። እሷም ተቀብላኝ አንድ ጫፍ ቀደደች።

ልጄ በማግስቱ ድና ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ልጄን ስታጎርሳት፣ እኔ እንዳላይ በነጠላዋ ትከልላታለች።