እጅሽ እንዳያርፍ

ዛሬ ጠዋት ስጸልይ ጎረቤቴ በርበሬ ትወቅጥ ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ድንገት ዝም አለች። ጸሎቴን አቋርጬ ብድግ አልኩ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ስለታሸገ፣ እሁድ ከሰዓት ሰባት ስምንት ሰው ቦሳ ኪቶ ሰፈር እኛ ቤት ይጸልይ ነበር። የእኔ ሥራ ድምፃቸው መንገድ ላይ እንዳይሰማ ደጅ ተቀምጬ በቆሎ መውቀጥ ነው። "እጅሽ እንዳያርፍ" ትለኛለች እናቴ።

አንድ እሁድ፣ ከወላይታ የመጡት ልብስ ሰፊ ጋሽ ጩራሞ ሲጸልዩ፣ "ጌታ ሆይ፣ ደጅ ያለችውንም ልጅ አስባት" ሲሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ሲጸለይ ሰምቼ አላውቅም። ዘነዘናውን አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ፊቴ ቆመዋል።

"ማነው የሰበሰባችሁ?" አሉ ገብተው።

ጋሽ ጩራሞ ተነሱ። "እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። "ምነው አቆምሽ?"

"እጄ ዛለ" አልኩ።

ጋሽ ጩራሞ እየተገፈተሩ ሲያልፉ አዩኝ። "ተያት እንጂ፣ እጅም ማረፍ አለበት" አሏት። ፈገግ ብለው ነበር። አውቀውብኝ ይሆን? ከእስር ሲፈቱ ጣቶቻቸው መርፌ መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ ፊታቸው ቆሜ እውነቱን መናገር ግን አልቻልኩም።

እጄ አልዛለም ነበር። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው።