እናትና ግልገል በድንጋይ ውስጥ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። እኔና የስድስት ዓመት ልጄ ከወንዙ በላይ ተዳፋት ላይ ባለችው ጎጇችን ቀረን። የነበረችን አንዲት የምትታለብ ላም ናት። ባንዶች የሰው ከብት እየነዱ ይወስዱ ስለነበር፣ ላሟን ከነጥጃዋ ራቅ ብሎ ከገደሉ ሥር ካለ ጥግ ደበቅኋት። ጥጃው እናቱን ጠብቶ ወተቱን እንዳይጨርስ፣ እንደ ልማዳችን ለብቻው በጠፍር አሰርሁት። ቋጠሮውንም ደግሜ አጠበቅሁት። እኔ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ካላየሁ ልቤ አያርፍም።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ገደሉ ተንዶ ጥጉን ቀበረው። ላሟ አልታሰረችም፤ መሸሽ ትችል ነበር። ከማዶ ሆና ያየች አንዲት ባልቴት፣ «ጥጃውን ትታ አልሄድ ብላ ነው እንጂ መውጫ ነበራት» አለችኝ። ሁለት ቀን በዶማ ቆፈርሁ። ጭቃው የቆፈርሁትን መልሶ ይሞላዋል። ተውሁት።

ከዚያ ወዲያ ልጄን ካጠገቤ አላራቅኋትም። የጎመኑን አረም ስነቅልም እንኳ በመቀነቴ ጫፍ ወገቧን አስሬ ከጎኔ አስቀምጣታለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከቤታችን በላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ታየ። ሽማግሌዎች ቤቱን ልቀቂ አሉኝ። ደብረ ወርቅ ያለችው እህቴም ልጅቱን ላኪልኝ ብላ ሰው ሰደደች። እንቢ አልሁ። ባሌ መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘውስ? ልጅቱንስ ከእኔ የተሻለ ማን ይጠብቃታል?

በበጋው ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ፣ የሰፈሩ ሴቶች ድንጋይ እንድንሸከም ታዘዝን። አንድ ቀን ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው ተሰበሰቡ። እኛም ሄድን። ከተቆረጠው ኮረብታ ውስጥ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተነባበረ ድንጋይ ተሰንጥቆ አጥንት ይታያል። የትልቅ እንስሳ ጎድን ነው፤ ከሥሩም የትንሽ እንስሳ ጭንቅላት አለ።

«ኖኅ ሲጠራ አርፍደው የቀሩ ናቸው» አለች አንዷ ሸክመኛ።

«እንዳንቺ» አለቻት ሌላዋ። «ዛሬስ ከሁሉ ኋላ የመጣው ማን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ከጣሊያኑ አለቃ ጎን ወደቆመው አስተርጓሚ ጠጋ አልሁ። «ጌታዬ፣ ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንት ብዙም ሳይቆይ ይፈረካከሳል። ይህ እንዴት ቆየ?»

አስተርጓሚው ጣሊያኑን ጠይቆ መለሰልኝ። «እሜቴ፣ ሜዳ ላይ የሞተውን ጅብና አሞራ ይበትነዋል፤ የተረፈውን ፀሐይና ዝናብ ይጨርሰዋል። እነዚህን ግን ደራሽ ጎርፍ ያመጣው ደለል፣ ወይም እሳት ከሚተፋ ተራራ የወጣ አመድ በድንገት ሸፍኗቸዋል። ጅብ አላገኛቸውም፤ አየርም አልደረሳቸውም። በላያቸው ሌላ አፈር እየተጫነ ሄደ። ውሃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ የሟሟ ድንጋይ ይዞ አጥንታቸው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ስንትና ስንት ዘመን ኖሮ አጥንቱ ድንጋይ ሆነ።»

«ጭቃ የቀበረው ሁሉ እንዲህ ይሆናል?»

«ሁሉማ አይሆንም። ከስንት አንዱ ነው።»

«ትንሹ ልጇ ነው?»

«እሱን ማን ያውቃል? ድንጋዩ የሚናገረው አብረው መቀበራቸውን ብቻ ነው።»

ሌሎቹ ወደ ሸክማቸው ተመለሱ። ልጄ በመቀነቴ እንደታሰረች ድንጋዩን ስታይ ቆየችና፣ «እማዬ፣ ለምን አልሮጡም?» አለችኝ። ጥጃውን ማን እንዳሰረው አልነገርኋትም ነበር።

በሳምንቱ ደብረ ወርቅ ለሚሄዱ ዘመዶች ሰጠኋት። በቅሎ ላይ ሲያስቀምጧት ወገቧን በእጇ ትዳስስ ነበር።

«አንቺስ?» አለች።

«አባትሽ ሲመጣ አብረን እንመጣለን።»

ጣሊያን ሲወጣ ብዙዎች ከዱር ተመለሱ። ባሌ አልተመለሰም። መሬቱም እስከ ዛሬ አልተናደም፤ ስንጥቁን ሣር ሸፍኖታል። ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ልጄን የሰደድኋት ይናዳል ብዬ ነው። እህቴን እማዬ እያለች አደገች። ዓመት በዓል ሲደርስ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። በሩ ክፍት መሆኑን እያየች፣ እንደ እንግዳ ከደጅ ቆማ «ቤቶች» ትላለች።