በጾም የተሸፈነው ጌም

እኔ ስናደድ ድምፄ እስከ ጎረቤት የሚሰማ ሰው ነኝ። ጥፋቱ የራሴ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። ቤተሰቤ ይኸንን ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን ወዲያው በነቃብኝ።

ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን አንድ ሞደም አለ። ክረምት ላይ መብረቅ መታውና ዋይፋዩ ጠፋ፤ ከገመድ ቀዳዳዎቹም አንዷ ብቻ ተረፈች። እሷን የእህቴ ኮምፒውተር ያዛት። በስልክ ዳታ እንዳንጠቀም፣ ያን ጊዜ እሱ ተቋርጧል። እኔ ደግሞ ከፋብሪካ ስመለስ በጌም ኳስ ካልተጫወትሁ ድካሜ አይወጣልኝም፤ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት አልሠራም አለ። ስለዚህ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ካለችው ሁለተኛ ቀዳዳ ወደ ጌሙ ገመድ ዘረጋሁና፣ ኮምፒውተሩ ከሚያገኘው ኢንተርኔት እንዲያካፍለው አደረግሁ። እህቴ ታናሼ ናት፣ እምቢ አትለኝም። «እኔ ስሠራ ግን እንዳትከፍተው፣ መስመሩን ይሻማኛል» ብቻ አለችኝ።

«ማርያምን! ምን ነክቶኝ!» አልኋት።

እህቴ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ጣናን የወረረውን እምቦጭ ለማጥናት ስንት ጊዜ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታለች። ይኸንኑ ውጭ አገር ሄዳ በሁለተኛ ዲግሪ ልትማረው አመልክታ፣ ከብዙ ሰው መካከል ተመርጣ የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር፤ በኮምፒውተር፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። ፈረንጅ የእኛን ጾም የት ያውቃል? የሰጧት ቀን የሕማማት ማክሰኞ ሆነ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አባቴ ዘጌ ተምረው ያደጉ መሪጌታ ናቸው። በቤታችን ዐቢይ ጾም ሲገባ ቴሌቪዥኑና ጌሙ በእናቴ ጥልፍ ይሸፈናሉ፤ እስከ ፋሲካ የሚገልጣቸው የለም። እኔም አከብራለሁ፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ሥራ ቦታ ጓደኞቼ ጌሙ ትልቅ አፕዴት መጣለት ሲሉ ሰማሁ። ቤት ስገባ ሰው አልነበረም። ጥልፉን ገልጬ ማውረዱን አስጀመርሁና መልሼ ሸፈንሁት። ለፋሲካ ዝግጁ ይሁን ብየ ነው። ማውረድ መጫወት አይደለም፣ ጾም አይፈታም አልሁ ለራሴ። የመሪጌታ ልጅ ትርጓሜ አያጣም። የእህቴ ኮምፒውተር ሌሊትም አይጠፋም፤ መስመራችን ቀርፋፋ ቢሆንም እስከ ጠዋት ያልቃል ብየ ገመትሁ።

ጠዋት ልፈትሽ ስል አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እሳቸው እያዩኝ ጥልፍ ልገልጥ? ያውም በሕማማት? አልደፈርሁም። አልቋል፣ ምን ያንቀዠቅዠኛል ብየ ተውሁት።

ከቀትር በኋላ እህቴን ብቻዋን ትተን ሦስታችን ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እንደኔ የሰገደ ያን ቀን አልነበረም። ኪርያላይሶን በተባለ ቁጥር ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ለሌላ አይደለም፣ ለእሷ ቃለ መጠይቅ ብየ ነው።

ስንመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። አልቅሳ ጨርሳ ነበር።

«‹እየሰማሽን ነው?› ይሉኛል» አለች። «እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም። ምስሌ ደርቆ ቀረባቸው። አሥር ጊዜ ሞከሩ፤ በኋላ አመስግነው ዘጉት።»

ላቅፋት ፈለግሁ፤ ሕማማት ስለሆነ አይሳሳሙም፣ አይተቃቀፉም።

«ይኸን ኔትወርክ እግዜር ይይለት!» አለች እናቴ። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቼ ከጥልፉ ሥር እጄን ሰደድሁ። ጌሙ ይፋጃል። አላለቀም ነበር። ገመዱን ቀስ ብየ ነቀልሁና ዞር ብየ ኔትወርኩን ከእናቴ በላይ እረግመው ጀመር። ኧረ እንዴት ያለ እርግማን! በዚህ ከተማ የትም ቢኬድ ያው ነው ብየ ማልሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ። ማንም አልጠረጠረኝም፤ በጾም የተሸፈነ ጌም ማን ይጠረጥራል? ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ ሰው ቢበድላት ደራሽ የምባለው እኔ ነኝ። አፈርሁ፤ ከማፈሬም ይልቅ ፈራሁ።

ፋሲካ አለፈ፣ ጥልፉም ተነሣ። እኔ ጌሙን አልነካሁትም። «ምነው፣ ላንተ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» እያለች እህቴ ትቀልድብኛለች። ስለ እምቦጩ ግን ማውራት ትታለች። ቀድሞ ራት ላይ አፏን አልዘጋ ብላ የምታሰለቸን ልጅ አሁን በልታ ትነሣለች።

አንድ እሑድ አልቻልሁምና ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብየ ነበር የጠበቅሁት። «ልጄ፣ የበደልኸው እሷን ነው። ዛሬውኑ ሂድና ንገራት» አሉኝ።

«እሺ አባ» ብየ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እንግዳ አለ። ነገ አልሁ። በነጋታው ደከመኝ። ከዚያ ደግሞ ፊቷ ፈካ ያለ መሰለኝና ምን አስከፋት አልሁ። ሰበብ መቼ ይጠፋል!

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጣና ዳር ይዣት ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋት፤ አፕዴቱን፣ ጥልፉን፣ የነቀልሁትን ገመድ። በጥፊ ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።

«መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ።»

«ሰዎቹ እንደገና ጽፈውልኝ ነበር» አለች። «‹ሌላ ቀን እንሰጥሻለን፣ መስመሩ ደኅና የሆነ ቦታ ፈልጊ› ብለው። በዚህ ከተማ የትም ብትሄጂ ያው ነው እያልህ ስትምል የነበርኸው አንተ አይደለህ? አመንሁህ። ሁለተኛ ከምዋረድ ቢቀርብኝ ይሻላል ብየ፣ ለሌላ ሰው ስጡት አልኋቸው።»

«አሁኑኑ ጻፊላቸዋ! ተሳስቼ ነው በያቸው!»

«መልሳቸው ትናንት መጣ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

«አንቺ መቼ ነው የጻፍሽላቸው?» አልሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሐሙስ።»

ንስሐ አባቴ ንገራት ያሉኝ እሑድ ነበር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስቱንም ቀን ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ በልቻለሁ።