የጓደኛዬ እጅ የሆንኩበት ሳምንት

ጌሙም ላፕቶፑም የእኔ አልነበሩም። ጌሙን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንስቶ ሲጫወት የቆየው የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ የኦጎልቾ ልጅ ሲሆን ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ይተኛል። ላፕቶፑን ያዋሰው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ ኦጎልቾ ላይ ሱቅ አለው። ለሥራው ስለፈለገው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ለመግዛት አሰላ ሲመጣ እንደሚወስደው ደውሎ ነገረው። በዚያው ሳምንት ሰኞ ዕለት ደግሞ ጓደኛዬ መረብ ኳስ ሲጫወት ወደቀና የቀኝ እጁ አንጓ ወለቀ። አንድ ወጌሻ አሽቶ በሸምበቆ አሰረለትና ለሁለት ሳምንት ምንም እንዳይነካበት አስጠነቀቀው።

ጌሙ ሊያልቅ የቀረው አንድ ሚሽን ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የታሰረ እጁን ትራስ ላይ አስደግፎ አልጋዬ ላይ ተቀመጠና፣ «እጄ ሁንልኝ» አለኝ። «እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጫናለህ። ቅዳሜ ሳይደርስ መጨረሻውን ካሳየኸኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩት። ጌም ተጫውቼ እንደማላውቅ የነገርኩት እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ግራ የገባኝ የምጫወተው ሰውዬ አለመታየቱ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው፤ ቀኙ ጠመንጃ ይዟል፣ የግራው መዳፍ ሰማያዊ ብርሃን ይተፋል። ሰውዬው የታለ ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ነህ ሰውዬው» አለኝ። በዚያ መዳፍ ሰውን ሳይነኩ አሽቀንጥሮ መጣል ይቻላል። አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከተጫኑት ደግሞ ከመሬት ተነስቶ ጣራ ላይ መውጣት ይቻላል። የጌሙ አገር ሰፊ ነው፤ ኮረብታው፣ የፈረሰው ከተማ፣ ወንዙ ሁሉ ክፍት ነው። የትም መሄድ እችላለሁ፤ ሂድ የሚለኝ ግን የለም። ይሄ ለሌላው ሰው ነፃነት ሊሆን ይችላል። እኔን አስፈራኝ። የመንገዱን ዳር ይዤ ቀስ ብዬ እራመድ ጀመር።

«የበቆጂ ልጅ አይደለህ እንዴ?» አለኝ ጓደኛዬ ከኋላዬ። «አገሩ ሁሉ በሩጫ የሚያውቃችሁ፣ አንተ ቤተ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ትራመዳለህ።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አንድ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ለምን እንደማልገባ ጠየቀኝ። የሰው ቤት መሆኑን ነገርኩት። በጣም ስለሳቀ እጁን አመመው።

እስከ ሐሙስ ድረስ ግን እየተሻሻልኩ መጣሁ። ከሰዓት ክፍል ስንወጣ እየተገናኘን፣ እሱ ያዝዘኛል፣ እኔ እጫናለሁ። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ዶርሙ ሲበርድ እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «ግራ፣ ግራ፣ አሁን ዝለል» ይለኛል። የመጨረሻው ሚሽን ከተማው መሃል ያለ ግንብ ላይ መውጣት ነበር። እዚያ ለመውጣት ጊዜን የሚያቆም ኃይል ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አሥር ነጥብ ይጠይቃል። እኛ ዘጠኝ ነበረን።

ዓርብ ጓደኛዬ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ያዘዘኝ ግልጽ ነው። አንዲቷን ነጥብ ፈልጌ እንዳገኝ፣ ሌላ ምንም እንዳልነካ፣ ሲመለስ አብረን ኃይሉን ገዝተን ግንቡ ላይ እንደምንወጣ ነገረኝ።

ነጥቧን ፍለጋ ከከተማው ስወጣ አንድ መንደር አገኘሁ። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ በደረቀ ምንጭ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስጠጋ በእንግሊዝኛ «ልጄ» ብለው ጠሩኝ። ምንጫቸውን ትልቅ ድንጋይ እንደዘጋባቸው፣ መንደሩ ውሃ እንዳጣ ነግረው፣ አቅም ያለው ሰው እንዲያነሳላቸው ለመኑኝ። ከስክሪኑ ሥር ሁለት ምርጫ መጣ፤ አንዱ መቀበል፣ ሌላው እምቢ ማለት።

እኔ ያደግኩት ማንም ትልቅ ሰው ሊልከኝ በሚችልበት ሰፈር ነው። የማላውቃቸው ሽማግሌም እንኳ መንገድ ላይ አስቁመው «ና እስቲ ልላክህ» ካሉኝ ዱቄቱን ወደ ወፍጮ ቤት፣ መልእክቱን ወደ ዘመድ ቤት አደርሳለሁ። አባቴ፣ ሽማግሌ ሲልክህ የት ነው ብለህ ጠይቅ እንጂ ለምን ብለህ አትጠይቅ ይለኝ ነበር። ቸርች ወንበር የሚደረድር ሲፈለግ እጄ ቀድሞ ይነሳል። ሽማግሌው የእውነት ሰው አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ጣቴ ግን መቀበሉን ተጫነ።

ድንጋዩን ለማንሳት ከባድ ነገር የሚያነሳውን ኃይል መግዛት ነበረብኝ። ዋጋው ስምንት ነጥብ ነው። ነጥብ እንደገና ይገኛል፣ ምንጭ የደረቀበት መንደር ግን አይጠብቅም ብዬ አሰብኩ። ገዛሁት፤ ድንጋዩን አነሳሁት፤ ውሃው ፈሰሰ። ደስ አለኝ። ጠንቃቃ ነኝና ሥራዬ እንዳይጠፋ ወዲያው ሴቭ አደረግኩት፤ የድሮውን ልተካው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝም አዎ አልኩት። ከዚያ ምርቃት ልቀበል ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ።

እሳቸው እግራቸው ሥር ውሃው እየፈሰሰ «ልጄ» አሉኝና ምንጫቸውን ድንጋይ እንደዘጋባቸው ነገሩኝ።

ሌላ ምንጭ ይኖር ይሆናል ብዬ መንደሩን ዞርኩት። የለም። ተመልሼ ባናግራቸው አንድም ቃል ሳይለውጡ ያንኑ አሉ። ያጎደልኩት ነገር ምን እንደሆነ ስፈልግ ጓደኛዬ ገባ።

ሁሉንም ነገርኩት። ያናድደዋል ብዬ ነበር፤ ሳይቆጣ ቀርቶ ግራ አጋባኝ። የድሮው ሴቭ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንደተካሁት ነገርኩት። አልጋው ላይ ቁጭ አለና እጁን የሚያይ መሰለ።

«ስምንት ነጥብ እኮ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» አለ።

«ሽማግሌ ስለሆኑ...» አልኩ።

«ሽማግሌ!» አለና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

ጊዜ የሚያቆመው ኃይል ባይኖረንም ግንቡን እንሞክረው አለኝ። በሩ ላይ እንደደረስን ተኩሰው ጣሉን። በጣራ በኩል ሞከርን፤ ጣሉን። ማዘዙን ተወና እንደፈለግኩ እንዳደርግ ነገረኝ፤ ያኔ ጭራሽ እጄ ጠፋኝ። ስንሞት፣ ስንመለስ፣ ስንሞት ዓርብ መሸ።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ እየሞከርን ሳለ ቻርጀሩን ሊያነሳ ብሎ ትራሴን ሲገፋው ደብተሬ ወደቀ። ገልጦ አየው። ከሳምንቱ መጀመሪያ ወዲህ ምንም አልተጻፈበትም። ሚድ መቼ ነው አለኝ። ሰኞ ነው አልኩት። እሱ ናቹራል፣ እኔ ሶሻል ስለሆንን የእኔን ፈተና አያውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እጄ ሁን አልከኝ እኮ።»

«ብልህስ?» አለ። «እምቢ ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? እጄ እንደሆነ ታስሯል።»

የሚቀልድ ይሁን የሚወቅሰኝ አልለየሁም። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ነው፤ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ የኦጎልቾ መኪና ከመሙላቱ በፊት መሄድ ይፈልጋል። ጓደኛዬ አምስት ደቂቃ እንዲጠብቀው በኦሮምኛ ለመነውና ስልኩን ዘጋ። ግንቡን በአምስት ደቂቃ እንደማንወጣው ሁለታችንም እናውቃለን። መጨረሻውን ሳያይ ሊቀር ነው፤ ያስቀረሁበት ደግሞ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሽማግሌው ጋ ውሰደኝ» አለ።

ወሰድኩት። እዚያው ተቀምጠዋል፤ ውሃው ይፈሳል። «ልጄ» አሉ፤ ምንጫቸው ተዘግቷል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየ። በእውነት ያንኑ ነው የሚሉት ብሎ እንደመሳቅ አለ። ከሥር ሁለቱ ምርጫዎች መጡ።

«እምቢ በላቸው» አለኝ።

ቀላል ነበር። ቁልፉ ከጣቴ ሥር ነው። ሽማግሌው ሥዕል ናቸው፣ ውሃቸው ወጥቶላቸዋል፣ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ላፕቶፑ የለም። ጓደኛዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ እሺ ያልኩት ሰው፣ አጠገቤ ሆኖ ይጠብቀኛል። እሱን እሺ ለማለት እሳቸውን እምቢ ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሽማግሌው ደግሞ እያዩኝ ነው።

መቀበሉን ተጫንኩ።

ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«አሁን ማን ሊሠራላቸው ነው?» አለኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አላውቅም አልኩት። ሴቭ አደረግኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ቦርሳውን በታሰረ እጁ መያዝ ስለማይችል እኔ ይዤለት ወደ ግቢው በር ወረድን።