ቀኑ ያልተነገረው ሳጥን

እህቴ የደወለችው ከቡሬ ነበር። እኔ በሰው አገር፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ምድር ቤት ቆሜ የደረቀ አንሶላ አጥፋለሁ። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሣም፤ የዚያን ቀን ግን ተከታትሎ ሲጮህ ሰው ሞተ ብዬ አነሣሁት።

«እትዬ፣ ሳጥኑ ተገኘ» አለችኝ።

የትኛው ሳጥን ብዬ አልጠየቅኳትም። የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ «ከየት?» አልኳት።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ ምንጣፍ ሥር። ተጥሏል ሲሉን የኖሩት እዚያው ነበር። በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ቡሬ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ዘንድ አመጣሁት። ረዳቱ ‹ሕፃን ነው እንዴ፣ ፊቱን አታሳዪንም?› ሲለኝ ‹አይ፣ ሽማግሌ ነው› አልኩት።»

«በራ?»

«በራ። ግን ያንኑ የድሮውን ነገር ተናገረ። ፊደሉ ወረደ ወረደና ቆመ። ባለሙያው ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ላድርገውና አዲስ ልጫንበት ይላል። ምን ልበለው?»

«እጁን ያንሣ በይው! ምንም እንዳይነካ!»

ፎርማት ማለት ቤቱን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ የአባታችን ድምፅ ነው። አባታችን ፍኖተ ሰላም የአንዲት ደብር መሪጌታ ነበሩ። ሲያርፉ አልነበርኩም፤ አፈር አላለበስኳቸውም። ፎቶግራፍ አይወዱም ነበር። ድምፃቸውን ቀድቼ ይዤው የመጣሁት ፍላሽ በመጣሁበት ዓመት አልከፈት ብሎ ቀረ። እንግዲህ ከአባቴ በዚህ ዓለም የተረፈው ሁሉ ቡሬ ገበያ ዳር፣ ከማላውቀው ሰው ጣት ሥር ነበር።

ኮምፒውተሩ ወደ ደብራችን የመጣው የከተማው ወጣት ማዕከል አዳዲሶች ሲመጡለት ነው። አሮጌውን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰጡን። ሲመጣ ቫይረስ የጨረሰው ነበር፤ የመዝሙር ግጥም ጽፈን ያስቀመጥነውን በማግሥቱ እናጣዋለን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር አንድ ዲያቆን ነበረን፤ መምህር እንለዋለን። «ቫይረስ የማይደፍረው ሌላ ሥርዓት አለ፤ ሊኑክስ ይባላል፤ እሱን እንጫንበት» አለ።

ያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር የምሄድበት ቀን ተቆርጧል። ከአባዬ የለመንኩት ስንቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ፣ የየዕለቱን በየዕለቱ፣ በድምፃቸው እንዲተዉልኝ። እሺ ብለውኛል። ስለዚህ የሳጥኑ መዳን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው እኔን ነበር።

አልድንም አለ። የመጀመሪያው ሲዲ እኩሌታ ሄዶ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ቆመ። መምህር አውጥቶ በብርሃን አየው፤ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት፤ እንደገና ሲገባ እዚያው ላይ ቆመ። «በጥድፊያ የተቀዳ ነው፤ ቀስ ተብሎ መቀዳት ነበረበት» አለና ሌላ ቀድቶ መጣ። ያኛው እስከ መጨረሻው ሄደ። እልል ልንል ስንል ሳጥኑ ጠፍቶ በራና ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከቅዳሴ የወጡ አንድ ቄስ በበሩ ብቅ አሉ።

«ምን ሆኖ ነው የሚጠቅሰን?»

«ስክሪኑን መግለጥ አቅቶት ነው፣ አባ» አለ መምህር።

«ጸበል ላምጣለት?»

«ኧረ አባ! ኤሌክትሪክ ነው፤ እኛንም አብሮ ያጠምቀናል።»

መምህር አጥፍቶ ሲያስነሣው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያዘና፣ የስክሪኑን ነገር ለጊዜው ተወው የሚል ቃል ጻፈለት። ይኸኔ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዕለቱ ሰኞ ነበርና አባዬ ሳይውሉ ሳያድሩ የሰኞውን ውዳሴ አዜሙ።

መምህር ሊሄድ ሲል፣ «አንድ ነገር ልብ በሉ» አለን። «ሰዓቱን የምትጠብቅለት ትንሿ ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል። ባትሪዋ ከባሕር ዳር እስክትመጣ፣ ስትከፍቱት መጀመሪያ ቀኑን ንገሩት።» የት እንደሚጻፍ አሳየንና ወደ ተማሪዎቹ ሄደ።

ቀንን በተመለከተ ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚጠየቁት አባዬ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ለአገሩ የሚያስታውቁ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ማይክሮፎኑ ፊት እንደተቀመጡ ጠየቅኳቸው።

«አባዬ፣ ለሳጥኑ የሚነገር ቀን።»

«ሚካኤል አይደለም እንዴ? አሥራ ሁለት» አሉና ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም ጨመሩልኝ።

መቼም ሰው ቀን ሲጠየቅ የሚናገረው ቀኑን ነው። የፈረንጁን ይሆን የሚፈልገው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ ዘመን የለም። እንዳሉት ተጻፈ።

ሳጥኑ ፊደል ማውረድ ጀመረ፤ ቆመ። ሰው ልከን መምህርን አስጠራነው። እንግሊዝኛውን ጎንበስ ብሎ አነበበና ተረጎመው፦

«ይህ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልመጣ ጊዜ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ርግቦች ሲራመዱ ይሰማል።

«ምን አለ? ድገመው እስቲ» አሉ አባዬ።

ደገመው።

«ባልመጣ ጊዜ ማን ከፈተው?»

«እኛው ነና፣ የኔታ! ትናንት። እኔ በፈረንጅ ዘመን ከፈትኩት፤ ዛሬ እርስዎ በእኛ ነገሩት። በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለሱት።»

«እኛንም ይመልሱን፣ የኔታ!» አለች ከመዘምራኑ አንዷ። «እኔማ ከሠርጌ በፊት ይበቃኛል።»

ሳቁ ፈነዳ። አባዬም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አልተነሣም። «እንዲያ ከሆነ ለእሱ እኔ ትናንት ያዜምኩት ገና የሚመጣ ነዋ» አሉ። «ደግ ነው። እንኳን ያለፈ አልተባልን።»

መምህር ቀኑን አረመ፤ ዲስኩ ራሱን አንዴ ፈትሾ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ፦ አባዬ የዕለቱን ቅዱስ ይጠራሉ፤ መምህር ወደ ፈረንጁ ይመልሰዋል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። እስከ እሑድ እንዲሁ ሆነ። መዘምራኑ በሩ ላይ ተደርድረው በስልካቸው ይቀዱ ነበር፤ እርስ በርስም በብሉቱዝ ይቀባበሉ ነበር። በሳምንቱ እኔ ተሳፈርኩ።

ያ የሳጥኑ ቃል ግን አብሮኝ ተሳፈረ። እዚህ አገር ቀን ቁጥር ብቻ ነው፤ ማንም ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ማርያም ናት አይልም። የአባዬን መርዶ ያረዱኝ ሰዎች ቤቴ ገብተው ሲቀመጡ፣ ከልቅሶው በፊት በጆሮዬ የመጣው እሱ ነበር፤ ገና ባልመጣ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ፣ የልብስ ማድረቂያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቆሙና ምድር ቤቱ ጭር ሲል፣ አንዳንዴ ከኋላዬ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ይሰማኛል። ዞሬ አላይም። አማትቤ አንሶላዬን አጥፋለሁ።

«እትዬ፣ አለሽ ወይ?» አለች እህቴ።

«አለሁ። ስልኩን ለባለሙያው ስጪልኝ።»

«እህት፣ አትድከሚ» አለኝ ሰውየው። «ይሄ አብቅቶለታል።»

«ወንድሜ፣ እስቲ ሰዓቱን እይልኝ። ዓመቱን ስንት ይላል?»

ቁልፍ ሲነካካ ቆየ፤ ከዚያ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! ሳጥኑ ራሱ ሳይሠራ በፊት ያለ ዓመት ነው የሚለው።»

«ባትሪው ሞቶ ነው። የዛሬን ቀን ጻፍለት።»

«ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው! ሃያ አራት!» ትላለች እህቴ ከበስተኋላው።

«በፈረንጅ በሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

በዚያች ቅጽበት ግን አንድ ነገር ልቤን ያዘው። ቀኑ ካልተነገረው፣ ለዚያ ሳጥን አባዬ ገና አላዜሙም፤ ገና በበሩ ሊገቡ ነው። የዛሬው ቀን ከተጻፈለት ግን እሱም እንደ እኛ ያውቃል። መርዶ ላረዳው የተቀመጥኩ መሰለኝ። ድምፃቸውን ለማግኘት ደግሞ ሌላ መንገድ የለም።

«ልጻፍ?» አለ ሰውየው።

«በስመ አብ ብለህ ጻፍ።»

ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ብዙ ቆየ፤ እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። እህቴ «ተከፈተ!» አለችና ስልኳን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈችልኝ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ጉሮሮ ተጠረገ።

«ይሰማል?» አሉ አባዬ።

«ይሰማል፣ አባዬ» አለች አብራቸው የተቀዳች አንዲት ሴት፣ ደስታ በሞላው ድምፅ። ማን እንደሆነች ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ። እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ዝም አለ። ሰውየው የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው፤ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ጥያቄና መልስ በቀር የሚነበብ አልወጣለትም። እህቴ ላከችልኝ። እከፍታለሁ፤ አባዬ ይሰማል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እመልስላቸዋለሁ፤ ሳያዜሙ ይሄዳሉ።

ስለዚህ በዚያ ሳምንት በዚያ በር ላይ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ የቆማችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ግማሾቻችሁ እዚያው ፍኖተ ሰላም ናችሁ፤ ፈረስ ቤት ከተማ የምታስተምሩ፣ ቡሬ የምትነግዱም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አሮጌ ስልካችሁን፣ በየመሳቢያው የቀረች ሚሞሪ ካርዳችሁን እዩልኝ። የረቡዕ ብቻ ቢሆን፣ ቢቆራረጥ፣ የእናንተ ሳቅ ቢገባበት ግድ የለም። ለእህቴ ስጧት፤ ደብሩን ታውቁታላችሁ። ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ ስልክ ሲከፈት ያልሆነ ነገር ቢናገራችሁ አትደንግጡ፤ ፎርማትም አታድርጉት። መጀመሪያ የዛሬን ቀን ንገሩት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱልኝ።