የልጅቷ አንገትና የዶክተሩ ቃል

ሬሳ የሚመረምረው ዶክተር ሆሳዕና ከተማ ሲመጣ እኔ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዳቦ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሀዲይኛው የእናቴ፣ ከምባትኛው የባሌ፣ አማርኛው ደግሞ ከሱቅ ደጃፍ የለቀምኩት ነው። ስለዚህ ዶክተሩ ከሟች ቤተሰብ ጋር መነጋገር ሲፈልግ የሚያስጠራው እኔን ሆነ። የሳሙናውን አረፋ ከእጄ እያራገፍኩ እሄዳለሁ። ለእናት "ልጅሽን ሊከፍተው ነው" ተብሎ እንዴት ይነገራል? እኔ "ምን እንደነካው ሊጠይቀው ነው" እል ነበር። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ሳቀ።

"እውነትሽን ነው፤ ጠይቄው የዋሸኝ ሬሳ የለም" አለኝ።

አዲስ አበባ ሳለ፣ በጥይት የተገደሉ ልጆችን በበሽታ ሞቱ ብለህ ጻፍ ቢሉት እምቢ ብሎ ነው ወደ እኛ የተወረወረው ይባል ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት።

"እውነት ነው እንዴ ዶክተር?"

"ነው። ያኔ ልጆች አልነበሩኝም" አለና ወሬውን ቆረጠው።

ከዱራሜም ከሀደሮም ሬሳ በቃሬዛ ይመጣለታል፤ ግን እጁን የሚጨብጠው ሰው አልነበረም። ጉበት አውጥቶ ለነጭ ይሸጣል ተብሎ ተወራበት። ሥጋ ቤት ሲገባ ቆራጩ ጮክ ብሎ፣ "ዶክተር፣ ዛሬ ጉበት ከእርስዎ ነው ከእኛ?" ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም አይተውም፤ "ያንተ ተራ ሲደርስ እነግርሃለሁ" ይላል። እኔ ግን ሥጋውን ይዞ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ሲቀላ አይቻለሁ።

ከሾኔ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ ሽማግሌ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ልጃቸው የገበሬ ማህበሩን ሊቀመንበር አግብታ ነበር። አንድ ጠዋት "ራሷን ሰቀለች" ተባለና በዚያው ዕለት ተቀበረች። በራሷ እጅ ለሞተች አንዘምርም ብለው መዘምራኑ ቀሩ። ድንኳንም አልተጣለላትም። እንደ ውሻ ተቀበረች ማለት ነው።

ሽማግሌው ደብዳቤም ምስክርም አልነበራቸውም። እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ንገሪልኝ። ዶሮ ሲታረድ ከቤት የምትሸሽ ልጅ ነበረች። ራሷን አልገደለችም። ሰው ገደላት የሚል አንድ የተማረ ሰው ካገኘሁ ድንኳን ጥዬ አለቅሳታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ፍርድ ቤት ደጅ ጠንተው መቃብሩ እንዲከፈት ፈቃድ አገኙ። መቃብሩ አፍ ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን አስተኛናት። ዶክተሩ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቶቹን የራሱ ጉሮሮ ላይ አድርጎ አሳየን።

"እዚህ ውስጥ ቀጭን አጥንት አለች፤ ተሰብራለች። በዚህ በኩል ደግሞ የጣት ምልክት አለ። ንገሪያቸው፤ በእጅ ታንቃ ነው የሞተችው። ከሞተች በኋላ ነው የተሰቀለችው።"

ነገርኳቸው። ሽማግሌው የዶክተሩን ጉልበት ስመው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ዶክተሩን ወደድኩት፤ አልደብቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ። የገጠሩም ሰው መጥቶ አዳራሹ ጢም ብሏል። ግራ እጃችንን ጨብጠን መፈክር አሰማንና ካድሬው ተነሳ። የጭቁኑን ገበሬ መሪ ስም ለማጥፋት ከአድኃሪያን ጋር ያበረ ሐኪም አለ አለ። የልጅቷ ባል ሊቀመንበሩ የፊት ወንበር ላይ ጠመንጃውን በጭኖቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ከኋላ አንዱ "ጉበት ነጋዴ!" ብሎ ጮኸ፤ ተሳቀ።

ዶክተሩ ተነስቶ፣ "ልጅቷን ያጠቧት ሴቶች እዚህ አሉ። አንገቷን አይተዋል። እነሱ ይናገሩ" አለ።

በኛ አገር ሬሳ ያጠበች ሴት ያየችውን ለሰው አታወራም። የሟችን ገላ ማማት ነው ይባላል። ዶክተሩ ይህን አያውቅም፤ አውቆም ቢሆን የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረውም። እኔ ወደ ሀዲይኛ መለስኩላቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ወጉን አክብረው ነው ወይስ ጠመንጃውን ፈርተው? ወጉ ያን ቀን ለፍርሃት ጥሩ መጋረጃ ሆነ።

ካድሬው ፈገግ ብሎ፣ "ጓድ ዶክተር፣ አጥንቷን ገመድ ሊሰብራት አይችልም?" አለው።

ዶክተሩ ወደ በሩ አየ። ሚስቱ እዚያ ትንሿን ልጃቸውን አዝላ ቆማለች።

"ገመድም ሊሰብራት ይችላል" አለ። "ምልክቱም... አፈር የነካው ገላ ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።"

ጭብጨባው ሲበርድ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለ?"

ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዲት ቃል አላለዘብኩም።

"መቃብሩ አፍ ላይ 'ነው' ብሎኝ አልነበር? አሁን ነው ወይስ አይደለም?"

"አባባ፣ ሁለቱንም አለ" አልኳቸው።

ዕድሩ ድንኳኑን ከለከላቸው። ሽማግሌው ከአንድ የሾኔ ባለሱቅ ሸራ ተውሰው ደጃቸው ላይ በእንጨት ወጠሩት። ብቻቸውን ይቀመጣሉ ብዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ያጠቧት ሴቶች ቆጮ ተሸክመው አንድ በአንድ ገቡ፤ ደረታቸውን እየደቁ አነቡ። ያን ጊዜ አፋቸው ተከፈተ! ወደ ውጭ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

ዶክተሩ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል፤ ዕድገት ነው ተባለ። ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል፤ ሚስቱና ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ባርኔጣውን አውልቆ ሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለና በሹክሹክታ፣ "ንገሪያቸው፤ በእጅ ነው። አልተሳሳትኩም" አለኝ።

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አሉ። "አዳራሹ አሁንም እንደቆመ ነው በይው። ሄዶ እዚያ ይበለው።"

ይህንንም መለስኩለት። ተነስቶ ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ መኪናው ሄደ።